ዘንባባው የቆመበት ደጅ

ኦቦ ፈይሳ ማረፋቸውን የነገረችኝ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ጠዋት ደውላ፣ እንደ ወጉ ስለ ጤናዬም ስለ ልጆቼም ስትጠይቀኝ ቆየችና፣ "ኦቦ ፈይሳ እኮ..." ብላ ማልቀስ ጀመረች። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ "መቼ?" ይላል፣ "ምን አገኛቸው?" ይላል። እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ከአፌ መጀመሪያ የወጣው "ዘንባባዎቹስ?" የሚል ነበር። ባልደረባዬም፣ "እኔም ሲነግሩኝ መጀመሪያ የጠየቅሁት እሱን ነው" አለችና በለቅሶዋ መሃል ሳቀች።

እኚህን ሰው የማያውቅ ሰው ይኼን ቢሰማ ጨካኞች ይለናል። የሚያውቃቸው ግን ይፈርድልናል። ኦቦ ፈይሳ ያለ ዘንባባ፣ ዘንባባም ያለ ኦቦ ፈይሳ አምቦ ውስጥ ታይተው አይታወቁም። በደርግ ጊዜ ልጅን ከጦር ሜዳ ያስቀረ ባለሥልጣን ሞልቶ ይሆናል፤ ያስቀረ ሐኪምም፣ ያስቀረ አጎትም ይኖራል። ልጅ ያስቀረ ዘንባባ ግን እኔ የማውቀው የሳቸውን ብቻ ነው። እሱን ልነግራችሁ ነው። ከመጀመሪያው ካልጀመርኩ ግን አታምኑኝም።

አምቦ የደረስኩት ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ ነው። ኦቦ ፈይሳ በተመደብኩበት ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ያስተምሩ ነበር። ረዥም፣ ቀጭን፣ በጋም ክረምትም የማይወልቅ ጥቁር ኮት ያላቸው ሰው ናቸው። ቤት እንደምፈልግ ሲሰሙ፣ "እኛ ግቢ አንዲት ክፍል አለች። ብቻ ግቢው ትንሽ ይጠባል" አሉኝ።

ግቢው ሜዳ ነበር። ያጠበቡት ዘንባባዎቹ ናቸው። በዘይት ቆርቆሮ፣ በወተት ጣሳ፣ እጀታው በወለቀ ባልዲ፣ አፉ በተሸረፈ እንስራ የተተከሉ ትናንሽ ዘንባባዎች ደረጃውን፣ መስኮቱን፣ የኩሽናውን በር ከበው ቆመዋል። አብዛኞቹ ከጉልበቴ አያልፉም፤ ግን እሾሃቸው እሾህ ነው። ሻንጣዬን ከፍ አድርጌ፣ በጎኔ እየሄድኩ ነው ክፍሌ የገባሁት። ከዚያ ወዲያ እዚያ ግቢ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ በጎኔ ነው የሄድኩት።

በማግስቱ ጠዋት ፊቴን ታጠብኩና ከጆጉ የተረፈውን ውሃ አጠገቤ ወደነበረ ቆርቆሮ ደፋሁት። ደግ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ኦቦ ፈይሳ በረንዳው ላይ ጥርሳቸውን ሲፍቁ አይተውኝ መፋቂያቸው ከአፋቸው ወደቀ።

"ቲቸር! ምን አደረግሽ?"

"ውሃ አጠጣሁልዎት።"

"ጠማኝ አለሽ?"

እሳቸው ተንበርክከው ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ሰኩ፣ አሸተቱት፣ ቆርቆሮውን አዘንብለው ከሥሩ በምስማር በተበሳው ቀዳዳ ውሃው እስኪንጠባጠብ ያዙት። ከዚያ ተነሥተው ጉልበታቸውን እያራገፉ፣ በኋላ ስንት ጊዜ የሰማሁትን አባባላቸውን ነገሩኝ። "አፈሩ ከላይ ሲደርቅ ነው የሚጠጣው። ዘንባባን ጥም አይገድለውም። ዘንባባ የሚሞተው በደግ ሰው እጅ ነው።"

ቅዳሜ ቅዳሜ የቅጠል ቀን ነበር። ኦቦ ፈይሳ እርጥብ ጨርቅ ይዘው እያንዳንዷን ቅጠል ከሥር እስከ ጫፍ ይጠርጋሉ፤ አቧራ የለበሰ ቅጠል አይተነፍስም ይላሉ። ከዚያ እያንዳንዱን ጣሳ ትንሽ ትንሽ ያዞሩታል፤ ፀሐይ አንዱን ጎን ብቻ ካየችው ተጣሞ ያድጋላ! ባለቤታቸው አዴ ድንቅቱ በዚህ ጊዜ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ጎመን እየቀነጠሱ፣ "እኔን እንዲህ ጠርጎኝ ቢያውቅ ዛሬ እኔም ለምልሜ ታዪኝ ነበር" ይሉኛል። ዘንባባዎቹን ጣውንቶቼ ነው የሚሏቸው። "አንድ ጣውንት ቢያመጣብኝ ፀጉሯን እነጭ ነበር፣ ኢንተለ ኮ። ይኼን ሁሉ በየትኛው እጄ ልንጨው?" ኢንተለ ኮ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ሴቶች ልጆቻቸው ነቀምቴ ተድረው ስለሄዱ፣ ልጅነቱ ለኔ ደርሶኝ ነበር።

አንድ ቀን ከባድ በረዶ ጣለ። ኦቦ ፈይሳ እንደ እብድ እየሮጡ ጣሳዎቹን ሳሎን፣ መኝታ ቤት፣ አልጋ ሥር አስገቡ፤ የኔንም ክፍል ሞሉት። እኔና አዴ ድንቅቱ የመጨረሻዎቹን አቀብለን ልንገባ ስንል እግር ማስገቢያ አልነበረም። በሩ ሥር ተጣብቀን በረዶው ትከሻችንን ሲጠፈጥፈን፣ አዴ ድንቅቱ ወደ ውስጥ ጮኸው፣ "ያ ፈይሳ፣ አንተ፣ እኛስ?" አሉ። ከጨለማው ውስጥ፣ "እናንተ ቅጠል የላችሁም!" የሚል መልስ መጣ።

የዚህ ሁሉ መነሻ አንድ ተማሪ ነው። ኦቦ ፈይሳ ስለ በረሃ ሲያስተምሩ ሰሌዳው ላይ ሁልጊዜ የተምር ዘንባባ ይሥሉ ነበር። አንድ ልጅ እጁን አወጣና፣ "ቲቸር፣ በረሃ ሄደው ያውቃሉ?" ብሎ ጠየቃቸው። ኦቦ ፈይሳ በዚያን ጊዜ ከወሊሶ አልፈው አያውቁም። ዋሽተው መገላገል ይችሉ ነበር፤ መዋሸት ግን አልፈጠረባቸውም። "አልሄድኩም። ዘንባባውን ግን አመጣላችኋለሁ" አሉ።

ወሩ ረመዳን ነበር። ሐጂ ሰማን የሚባሉ፣ ከደቡብ መጥተው ገበያው ዳር ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ ዘንድ ሄደው የተምር ፍሬ እንዲያስቀምጡላቸው ለመኑ። "ተምሩን ብላ እንጂ ፍሬው ምን ያደርግልሃል?" አሏቸው ሐጂ። "ይበቅላል።" "እዚህ ብርድ ላይ?" "ብርዱን ለኔ ተወው።" የሐጂ ቤተሰብ ማታ ማታ ጾሙን ሲፈታ ፍሬውን ለኦቦ ፈይሳ ተብሎ በተቀመጠ ሣህን ላይ መትፋት ጀመረ።

ብርዱ ግን ቀላል አልነበረም፤ የተምር ፍሬ ሙቀት ካላገኘ አይነቃም። ኦቦ ፈይሳ አሰቡ አሰቡና ፍሬዎቹን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው እንቁላል የታቀፈች ዶሮ ሥር ከተቷቸው። ዶሮዋ አልከፋትም፤ እንቁላሉንም ፍሬውንም እኩል ታቀፈች። ጫጩቶቿ ወጥተው ስትነሣ፣ ከጨርቁ ውስጥ ነጭ ሥር ብቅ ብሎ ተገኘ። መጀመሪያ የበቀለውን በኩር አሉት። አንድ ቀጭን እንደ ሣር ያለች ቅጠል ነበረች ይላሉ አዴ ድንቅቱ፣ ጎረቤት ሁሉ ሊያይ መጥቶ "ለዚህ ነው?" እያለ ተመለሰ። በኩር ዘንባባ እስኪመስል ድረስ ጠያቂው ተማሪ ትምህርቱን ጨርሶ፣ ሥራ ይዞ፣ ሚስት አግብቶ ነበር። ኦቦ ፈይሳ ቃላቸውን አላጠፉም። ልጁን ከነሚስቱ ጠርተው፣ "ይኸውልህ፣ አመጣሁልህ" ብለው አሳዩት። እኔ በመጣሁበት ዘመን በኩር ትከሻዬ ይደርስ ነበር።

ሆሳዕና ሲደርስ ግቢያችን ምሽግ ይሆን ነበር። የሆሳዕና ቀለበትና የራስ ማሰሪያ የሚሠራው ገና ካልተፈታው፣ ከመሃል ከሚወጣው ነጭ ቀንበጥ ነው፤ የሰፈሩ ልጆችና እናቶች ሁሉ ዓይናቸው እሱ ላይ ነው። ኦቦ ፈይሳ በሩ ላይ በርጩማ አስቀምጠው የታችኞቹን ያረጁ ቅጠሎች በፈገግታ ያድላሉ። ወደ መሃሉ እጁን የሰደደ ግን ወዮለት። "ሌላው ዛፍ ቢቆርጡት በጎን ያቆጠቁጣል" ይላሉ። "ዘንባባ ልቡ አንድ ናት። እሷን ከነካህ አለቀ።"

ጎረቤታችን እትዬ ብርነሽ ይኼን ሁሉ ታውቃለች። ቶሎሳ የሚባል አንድ ልጅ ብቻ ያላት፣ እጇ የማያርፍ፣ ሰው ሲያስነጥስ መድኃኒት ይዛ የምትደርስ ሴት ናት። ባልና ሚስቱ ልጃቸው ወልዳ ነቀምቴ ሲሄዱ፣ እኔም ለክረምቱ ወደ ቤተሰቦቼ ስሄድ፣ ዘንባባዎቹን ለሷ አደራ ሰጡ። ከመሃላቸው አንዱ ገረጣ። እትዬ ብርነሽ ተጨነቀች። አሁን የአምቦ ሰው ሲጨነቅ ምን ያደርጋል? ወደ ሆራ ይሄዳል። ሆራ ያ የሚፈላው፣ ጋዝ ያለው ውሃችን ነው። ከብቱም ይጠጣዋል፣ ጨጓራ ያለበትም ይጠጣዋል፣ ያልታመመም እንዳይታመም ይጠጣዋል። እትዬ ብርነሽ ሆራ በጄሪካን እያስቀዳች የገረጣውን ዘንባባ ጠዋት ማታ አጠጣችው። አፈሩ ላይ ሲንጫጫ ስታይ በሽታው እየወጣለት መሰላት።

ኦቦ ፈይሳ ሲመለሱ ቅጠሉ እስከ ወገቡ በጨው ነድዶ ቡናማ ሆኗል።

"አንጀቱን ያመመው መስሎኝ ነው፣ ኦቦ ፈይሳ" አለች።

"ዘንባባ አንጀት የለውም!"

"ታዲያ ለምን ቀጠነ?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኦቦ ፈይሳ ሰላምታ ነፈጓት። አምቦ ውስጥ ሰላምታ ማለት ሰውየውን፣ ልጁን፣ ከብቱን፣ አዝመራውን ጠይቆ ማለፍ ነው፤ ዝም ብሎ ማለፍ በጥፊ ከመምታት ይብሳል። አዴ ድንቅቱ ነውሩን ለመሸፈን እትዬ ብርነሽን ባገኟት ቁጥር አንዴ ለራሳቸው አንዴ ለባላቸው፣ ሁለት ጊዜ ሰላም ይሏት ነበር።

አሁን ወደ መድረኩ ልምጣ። የአብዮት በዓል ሲደርስ የቀበሌው ሊቀመንበር ወደ ግቢያችን መጣ። ሽሮ መልክ የሆነው መድረክ አረንጓዴ ነገር ያስፈልገዋል፤ ከአዲስ አበባ ትልቅ ሰው ይመጣል። በዚያን ጊዜ ሊቀመንበር መጥቶ "አውሱኝ" ሲል፣ ቃሉ እንጂ ድምፁ ልመና አይደለም። ኦቦ ፈይሳም እምቢ አላሉም። አንድ ነገር ብቻ አሉ። "ዘንባባዬ ያለ እኔ የትም አይሄድም።"

ስለዚህ መድረኩ ላይ ወንበር ተሰጣቸው። ከባለሥልጣናቱ ኋላ፣ ከበኩር አጠገብ፣ በጥቁር ኮታቸው። ስብሰባ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ለማታውቁትም አልመኝላችሁም። ኦቦ ፈይሳ ለዚህ የሚሆን የተፈጥሮ ስጦታ ነበራቸው፤ ዓይናቸውን ገልጠው ይተኛሉ። የመምህራን ስብሰባ ላይ አጠገባቸው ስለምቀመጥ እኔ አውቃለሁ፤ ዓይናቸው እንደ ተተከለ ይቀራል፣ አፍንጫቸው ብቻ በቀስታ ያፏጫል። ከታች ለሚያይ ሰው ግን ሌላ ነው። የማያጨበጭብ፣ መፈክር የማያነሣ፣ የማይናገር፣ ዓይኑን ሳያርገበግብ ሕዝቡን የሚያይ ባለ ጥቁር ኮት! ባለሥልጣኖቹ በየጊዜው ይቀያየራሉ፤ እሱ ግን ሁልጊዜ መድረኩ ላይ አለ። የአምቦ ሰው እርስ በርሱ ተያየና፣ ዋናው እሱ ነው ብሎ ደመደመ።

ወሬው ከአምቦ ወጣ። ጊንጪዎች ለስብሰባቸው ዘንባባውን ሲዋሱ፣ ኦቦ ፈይሳ በኩርን ጉልበታቸው መሃል ይዘው በመንግሥት መኪና ጋቢና ተቀምጠው ገቡ። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆሎና እንቁላል የሚሸጡት ሴቶች ከተቀመጡበት ተነሡላቸው አሉ። ከዚያ በኋላማ መንገድ ላይ ሰው ኮፍያውን ያወልቅላቸዋል፤ ሥጋ ቤት ውስጥ ወረፋ ይለቀቅላቸዋል። "ኧረ እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ዘንባባውን ልጠብቅ ነው የምቀመጠው" ይላሉ። ሰው ሁሉ አንገቱን ነቅንቆ፣ "ገባን፣ ገባን" ይላል። እውነትን እንደሳቸው ደጋግሞ ተናግሮ እንደሳቸው ያልታመነ ሰው አላየሁም።

ከተማው አንድ ሌላ ነገርም ተማረ። ዘንባባው ከቆመ ትልቅ እንግዳ አለ። በኩር በአንድ ደጅ ታይቶ እንደሆነ ባለሱቁ ደጁን ይጠርጋል፣ ሰካራም ይደበቃል፣ የቀበሌ ጥበቃዎች የመንገዱን ድንጋይ ኖራ ይቀባሉ። ማንም ሳይነገረው "ዘንባባው ወጥቷል" የሚለው ወሬ ገበያውን ይዞራል።

ነገሩ እንዲህ ሳለ ቶሎሳ ታፈሰ።

ላምባ ሊገዛ ወጥቶ ነው። የብሔራዊ ውትድርና ዙር ደርሶ ቀበሌው የተጠየቀውን ያህል ወጣት አልሞላለትም። ስለዚህ ጥበቃዎቹ ያገኙትን ሁሉ ሰበሰቡ፤ ዕድሜው የደረሰውንም ያልደረሰውንም። ቶሎሳ ገና ዓሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ የኦቦ ፈይሳ ተማሪ ነው። ከሌሎቹ ጋር የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ተዘጋበት። መኪናው በሁለት በሦስት ቀን ይመጣል ተባለ። መኪናው ከወሰደ በኋላ የሚሆነውን በዚያን ዘመን የነበረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

እትዬ ብርነሽ ከሆራው ጣጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ግቢያችን ገባች። ነጠላዋ መሬት ይጎተታል። ኦቦ ፈይሳ እግር ሥር ወደቀች።

"ልጄን ያውጡልኝ። እርስዎ አንድ ቃል ይበቃዎታል።"

"ብርነሽ፣ ተነሺ። እኔ ማንም አይደለሁም።"

"እንዲህ እንደሚሉኝ አውቅ ነበር። በዚያ በሆራው ቂም ይዘውብኝ ነው።"

"ቂሙንስ ይዣለሁ" አሉ ኦቦ ፈይሳ። ይኼን ጊዜ እንኳ አልዋሹም። "ግን ቂሜን ብተወውም ሥልጣን አላገኝም። መድረክ ላይ የምቀመጠው ዘንባባ ልጠብቅ ነው። ፈጣሪን!"

እሷ ግን አላመነችም። አጠገቧ የነበረውን የዘይት ቆርቆሮ ከነዘንባባው አቅፋ ታለቅስ ጀመር። ኦቦ ፈይሳ አብረዋት ዓይናቸው እንባ ሞልቶ፣ ግን ደግሞ እጇን ከቅጠሉ ላይ ቀስ አድርገው እያነሡ፣ "ተይ፣ ተይ፣ ይሰበራል" ይሏታል። አዴ ድንቅቱ ከኩሽና ወጥተው ባላቸውን ትክ ብለው አዩአቸው። ኦቦ ፈይሳ ኮታቸውን አስተካክለው ወደ ሊቀመንበሩ ሄዱ።

ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ።

"ምን አለህ?" አሉ አዴ ድንቅቱ።

"ልጁ ተማሪዬ ነው፣ ዕድሜው አልደረሰም አልኩት። 'ጓድ ፈይሳ፣ እርስዎ ዘንባባዎን ይጠብቁ' አለኝ።" ግቢው መሃል ቆመው አገጫቸውን ሲያሹ ቆዩ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። "ቲቸር፣ ጋሪ ጥሪልኝ።"

በኩርን ጋሪው ላይ ጫንነው። እኔ ከአንድ ወገን እሳቸው ከሌላው ወገን ደግፈን፣ ፈረሱ እየረገጠ ገበያውን አቋርጠን ስናልፍ ሰዉ ሁሉ እየቆመ ያየናል። አዳራሹ ጋ ስንደርስ ዘንባባውን በሩ ላይ አቆሙት፤ ከውስጥ ወንበር አስመጡ፤ አጠገቡ ተቀመጡ፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

"ማን ሊመጣ ነው?" አለ በር ላይ ያለው ጥበቃ።

"ማንም። ዘንባባዬን ይዤ ነው የመጣሁት።"

ጥበቃው ወደ ውስጥ ሮጠ። ሊቀመንበሩ እየተቻኮለ ወጣ። ዘንባባውን አየ፣ ኮቱን አየ፣ ፊቱ አመድ መሰለ። "ከላይ ነው የላኩዎት?" አላቸው በሹክሹክታ።

"ማንም አልላከኝም። ዘንባባህን ጠብቅ ብለኸኝ የለ? እየጠበቅሁ ነው።"

የተላከ ሰው ሌላ ምን ይላል? ሊቀመንበሩ ላብ አጠመቀው። ትልቅ ሰው እየመጣ ነው፤ እሱ አልተነገረውም፤ አለመነገሩ ራሱ አስፈራው። ወደ አዳራሹ ተመልሶ ገባና ያን ሁሉ ልጅ እንደ አዲስ አየው። ከመሃላቸው ደብተር የያዘ አለ፤ የትምህርት ቤት ሹራብ የለበሰ አለ። "እነዚህን ሕፃናት ማን ነው ያመጣብኝ?" ብሎ ሲጮህ በሩ ላይ ሆኜ ሰምቼዋለሁ፤ ያመጣቸው እሱ ነበር። ዕድሜያቸው ያልደረሰውን በጓሮ በር አስወጥተው፣ በዋናው መንገድ እንዳትታዩ፣ ሩጡ ተባሉ። ቶሎሳ እናቱ ቤት ሲደርስ የላምባውን ጠርሙስ አሁንም እንደያዘ ነበር።

እኔ የተገላገልን መስሎኝ ጋሪውን ልመልስ ስል ኦቦ ፈይሳ ክንዴን ያዙኝ። "ዘንባባው ከተነሣ እንግዳ እንደሌለ ያውቃሉ። መልሰው ይለቅሟቸዋል። መኪናው እስኪሄድ እዚሁ ነው" አሉኝ። ቀጥለውም፣ "ክፍሌን ያዢልኝ። በረሃ ላይ ደርሰናል።"

በማግስቱ ስለ በረሃ የማላውቀውን አስተምሬ ወደ አዳራሹ ሄድኩ። ጥበቃዎቹ ጠራርገው ጨርሰው ኖራ ይዘዋል። ድንጋዩን ቀቡ፣ አጥሩን ቀቡ፣ የባሕር ዛፎቹን ግንድ ቀቡ። ከዚያ አንደኛው የበኩርን ቆርቆሮ ቀባ። አማረለትና ግንዱን ቀጠለ። ግንዱን ሲጨርስ ብሩሹን ነክሮ ከፍ አደረገውና ቅጠሎቹ የሚወጡበትን መሃል አጠመቀው። ነጩ ውሃ ቅጠሉን ይዞ ወደ ልቡ ሲወርድ ይታየኛል። ለአንድ ጠብታ ሆራ ብለው ጎረቤት ያኮረፉ ሰው ናቸው። እጮሃለሁ ብዬ አፌን ከፈትኩ።

ኦቦ ፈይሳ ራሳቸውን በትንሹ ነቀነቁልኝ። ቀርቤ አየኋቸው። አልተኙም። አፍንጫቸው አያፏጭም፤ ዓይናቸው ይርገበገባል።

"አማረ አይደል፣ ጓድ?" አላቸው ጥበቃው ብሩሹን እያራገፈ።

"አማረ" አሉ።

መኪናው በሦስተኛው ቀን መጥቶ ዕድሜያቸው የደረሰውን ጭኖ ሄደ። የነዚያም እናቶች ከመኪናው ኋላ እየሮጡ ያለቅሱ ነበር፤ ለነሱ ዘንባባ አልነበረም፣ ይኼን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ኦቦ ፈይሳ ከወንበራቸው ተነሥተው መኪናው ከዓይን እስኪጠፋ ቆሙ። ሊቀመንበሩ እንግዳውን ትንሽ ጠብቆ፣ በመጨረሻ ተደብቆ አይቶን ሄዷል ብሎ አመነ። ተደስቶም ነበር፤ ቀበሌው እንደዚያ ሳምንት አምሮ አያውቅም።

በኩርን ቤት ወስደን አጠብነው። አፈሩን ቀየሩለት፣ ቅጠል በቅጠል ጠረጉት። ቀኑ በገፋ ቁጥር ግን መሃሉ ገረጣ። አንድ ቅዳሜ ኦቦ ፈይሳ ቀንበጡን በሁለት ጣታቸው ቀስ አድርገው ሲስቡት ከሥሩ በስብሶ ተነቅሎ መጣ። እጃቸው ላይ ይዘውት ሲያዩት ቆዩ።

"አልኩሽ አይደል፣ ቲቸር። ዘንባባ የሚሞተው በደግ ሰው እጅ ነው።"

"ጥበቃዎቹ ምናቸው ነው ደግ?" አልኩ በንዴት።

"እነሱን ማን አለ?" አሉና ቀንበጡን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

እትዬ ብርነሽ ቶሎሳን ነገሩ እስኪበርድ ሐሮ ወንጪ ዘመድ ዘንድ ደብቃ ነበር። የበኩርን መሞት ስትሰማ የራሷ ሰው እንደሞተ ያህል አለቀሰች። ረመዳን ሲደርስ ሐጂ ሰማን ቤት ሄዳ ጾም መፍቻ ላይ ሣህን ይዛ ተቀመጠች፤ እንቁላል የታቀፈች ዶሮም ከነቅርጫቷ ይዛ ወደ ግቢያችን መጣች። ኦቦ ፈይሳ በሩ ላይ ተቀበሏት። ስለ ቶሎሳ ጠየቋት፣ ስለ ጤናዋ ጠየቋት፣ ስለ ዶሮዋ ጠየቋት፤ የከረመውን ሰላምታ በአንድ ጊዜ አወረዱት። በመጨረሻ፣ "ሆራ ግን እንዳታጠጪያት" አሏት።

እንግዲህ ስልኩ የተደወለልኝ ቀን ከአዲስ አበባ ባገኘሁት የመጀመሪያ አውቶቡስ አምቦ ገባሁ። ድንኳኑ ተተክሏል። ሰዉ ለቀብር ተሰብስቧል። አንድ ሚኒባስ መጥቶ ቆመና፣ ከጋቢናው ጥቁር ኮት የለበሰ፣ ጠጉሩ የሸበተ ሰው ዘንባባ ጉልበቱ መሃል ይዞ ወረደ። ቶሎሳ ነው። ጊንጪ እንደሚኖርና ቤቱ ከዘንባባ ብዛት መግቢያ እንደሌለው ሰምቼ ነበር። ዘንባባውን ድንኳኑ በር ላይ አቆመው፣ ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

የዕድሩ ዳኛ የዚያ ዘመን ሰው ነው። ዘንባባውን ሲያይ ድንጋጤው ከፊቱ ተነበበ። ፈጠን ፈጠን እያለ መጥቶ ጎንበስ አለ።

"ይቅርታ፣ ማን ሊመጣ ነው?"

"ማንም" አለ ቶሎሳ። "ዘንባባዬን ይዤ ነው የመጣሁት።"

"ገባኝ፣ ገባኝ" አለ ዳኛው። ወዲያው ወጣቶቹን ጠራ። መንገዱን መጥረግ ያዙ፣ ድንጋዮቹን አስተካከሉ፣ ፊተኛውን አግዳሚ አስለቀቁ። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ነጠላውን እያስተካከለ ወደ መንገዱ ያያል። አላስችል ብሎኝ ተነሣሁ፤ ልነግራቸው። አዴ ድንቅቱ ከተቀመጡበት፣ በኦሮምኛ ተይ እያሉ ቀሚሴን ጎተቱኝ።

"ላኪ፣ ኢንተለ ኮ። ተያቸው ይጥረጉ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ደጅ ሲያስጠርግ ኖረ፤ ለሱ ማን ጠርጎለት ያውቃል?"

አለቀሱም፣ ሳቁም። በዚያው ጊዜ ሳጥኑ ከቤት ወጣ። በዘንባባው አጠገብ ሲያልፍ፣ ትልቁን እንግዳ ሲጠብቅ የነበረው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ብድግ አለ።